ከውጭ የተቆለፈ በር

ዝናቡ ባይመጣ ኖሮ እዚያ ሕንፃ ደጃፍ ላይ አልቆምም ነበር። ከተማሪዎች ክሊኒክ ወጥቼ ምሳ ለመብላት ስሄድ በድንገት ወረደብኝና ሮጬ የወንዶቹ መኝታ ቤት በረንዳ ሥር ገባሁ። ፈተና ያለቀው ትናንት ነበር። ብዙው ተማሪ ጠዋት ሻንጣውን እየጎተተ ሄዷል፤ ግቢው ጭር ብሏል።

«ዝናብ ካልደበደበሽ እኛን አትጠይቂም ማለት ነው» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

የሕንፃው ተቆጣጣሪ ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚጠራ ተማሪ የለም፤ ወገባቸው ላይ ከሚንጠለጠለው የቁልፍ ዘለላ የተነሳ ሁሉም «ጋሽ ቁልፉ» ይላቸዋል። ስሙን ይወዱታል። እኔ እዚሁ ግቢ ተምሬ፣ እዚሁ ክሊኒክ መድኃኒት ክፍል ተቀጥሬ እስካሁን ድረስ ሸሚዛቸው ተጨማዶ ያየሁበት ቀን የለም።

ከጠረጴዛቸው ወዲህ ያለውን ወንበር በመሀረባቸው ጠረግ አድርገው አስቀመጡኝ። ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ በመስታወት የተለበጡ የምስክር ወረቀቶች ተደርድረዋል። ሁሉም «የዓመቱ ምስጉን ሕንፃ» ይላሉ። ከመጨረሻው ቀጥሎ አንዲት ምስማር ባዶዋን ተመትታ ትጠብቃለች።

«ያቺ ምስማር የዘንድሮው ናት» አሉ ዓይኔን ተከትለው። «አንድ ሰካራም በዚህ በር አልገባም። ሲጋራ የለ፣ ሐሺሽ የለ፣ ያ እንክብላችሁም የለ። ማዶ ያለውን ሕንፃ ግን ተመልከቺው! ሳምንት አይሞላም፣ አንዱን ተሸክመው ወደናንተ ሲሮጡ አያለሁ። እኔ ብሆን አፍሬ ሥራዬን እለቅ ነበር።»

«እኔን ደግሞ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎትና፣ የሚያስፈራኝ የእርስዎ ሕንፃ ነው።»

«እንዴ! ምን በወጣን?»

«ከማዶ የሚመጡትን አክመን፣ ተቆጥተን፣ መክረን እንመልሳቸዋለን። ከእርስዎ ሕንፃ ግን በመጠጥ የታመመ አንድ ሰው መጥቶ አያውቅም።»

«ጤነኛ ስለሆኑ ነዋ! ሰው አልታመመም ብላ የምትቆጣ ሐኪም ዛሬ ገና አየሁ።»

«ሐኪም አይደለሁም፣ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ይሄ ሁሉ ወጣት፣ ከወላጁ ርቆ፣ ፈተና አናቱ ላይ ቆሞበት፣ አንዱም አይቀምስም ብለው ነው? እርስዎ ራስዎ በዚያ ዕድሜ አልቀመሱም?»

«የኔን ዕድሜ ተይው፤ እሱ ሌላ ዘመን ነው» ብለው ሳቃቸውን በመሀረባቸው ሸፈኑ። ወዲያው ኮስተር አሉ። «የኔ ሕግ አጭር ነው። የተያዘ ይባረራል። ጠጪውም፣ አብሮት የተገኘውም፣ አይቶ ዝም ያለውም። ሰውን የሚያቀናው ፍርሃት ነው ልጄ። እኛ በፍርሃት አደግን፤ ምን ጎደለን?»

«ፍርሃቱ መጠጡን አላስጣላቸውም፤ መደበቂያውን ነው ያስተማራቸው። ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም› ሲባል አልሰሙም?»

«እሱ ለታመመ የተተረተ ነው። ስካር በሽታ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ጥጋብ!»

ይህ ቃል ያናድደኛል። እሳቸው ጥጋብ የሚሉትን እኔ ከመድኃኒት ክፍሉ መስኮት ኋላ ሆኜ አውቀዋለሁ። አንዱ ነቅቶ ለማጥናት እንክብል ይውጣል። ልቡ እየዘለለ እንቅልፍ ሲነሳው የሚያስተኛ ሌላ እንክብል ይፈልጋል። ፈተናው ሲያልቅ ጓደኞቹ «እንኳን ተገላገልን» ብለው ብርጭቆ ይሞሉለታል። ሲጋራም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያዋን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ያጨሰ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ሁሉም ተጋብዞ ነው የጀመረው። የሚያስተኛ እንክብልና መጠጥ አንድ ሆድ ውስጥ ሲገናኙ ደግሞ አንዱ ሌላውን እያገዘ ሰውየውን መተንፈስ ያስረሱታል። ይህን ሁሉ ሳላስውብ ነገርኳቸው።

«በኔ ሕንፃ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አሉ። «ካላመንሽ ነይ ላሳይሽ።»

ደረጃው ሥር ወስደው የምድር ቤቱን ኮሪደር አሳዩኝ። በግራም በቀኝም ያሉት በሮች ጓጉንቸር ተንጠልጥሎባቸዋል።

«አየሽ? ከውጭ የተቆለፈ በር ማለት ባለቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሄዷል ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ ወደ ቤቱ። በፈተና ሰሞን ስዞር ጓጉንቸሩን እያየሁ ደስ ይለኛል። የማንኳኳው የተከፈተውን በር ብቻ ነው፤ ጉድ ያለው እዚያ ነው።»

ይህን እያሉ አንድ ልጅ ዝናብ እያንጠባጠበ ገባ። ረጅም፣ ከሲታ፣ የሕግ ተማሪ ነው፤ በነገር ስለማይረታ «ጠበቃው» ይሉታል። በአንድ እጁ ሎሚ የሞላ ፌስታል፣ በሌላው የውሃ ጠርሙስ ይዟል።

«አቤት ጠበቃው!» አሉ ጋሽ ቁልፉ። «ጥብቅናው አላዋጣ ብሎ ሎሚ ልትነግድ ነው?»

«ጉንፋን ነው ጋሼ። የድሃ ሐኪም ሎሚ አይደል?»

ጥርሱን አሳየን እንጂ አልሳቀም። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። ከላይ ጓጉንቸር ሲከፈት ሰማን፤ ጥቂት ቆይቶ ሲቆለፍ ሰማን። ልጁ እርጥብ ፎጣ ይዞ ተመልሶ ወረደ። ጉንፋን ይዞኛል ያለው ሰው አያስልም፣ አያስነጥስም፤ ዓይኑን ግን ከደረጃው አልነቀለም።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ እንደ ዋዛ። «ለክርክር ልምምድ ነው። አንድ ሰው ተኝቶ እያንኮራፋ ከሆነ ደህና ነው ማለት ነው አይደል? ማንኮራፋቱ... ውሃ ሲንተከተክ ዓይነት ድምፅ ቢኖረውም?»

ወደ እሱ ተጠጋሁ።

«ሲጠሩት ይነቃል?»

«ማን?»

«የክርክርህ ሰውዬ።»

«ቅድም እጁን ያንቀሳቅስ ነበር» አለና አመለጠው።

«የት ነው ያለው?»

ጋሽ ቁልፉን አየ፤ ከዚያ መሬቱን። «ለልምምድ ነው አልኩሽ'ኮ።»

«ጋሼ» አልኩ ዞር ብዬ፣ «ላይኛው ፎቅ አንድ ሰው ተቆልፎበታል። ይሄ ልጅ የማይናገረው እርስዎን ፈርቶ ነው። አትባረርም ይበሉት፤ አሁኑኑ።»

የቁልፍ ዘለላቸውን ጨበጡ። «እንዴት ብዬ? ዛሬ አንዱን ብምር ነገ አሥሩ ይጠጣል። ደግሞስ ጠጥቶ ከሆነ ይተኛበትና ይለፍለት። ስካር ሰው ገድሎ ያውቃል?»

«ያውቃል። በጀርባው የተኛ ሰካራም ትውከቱ ጉሮሮውን ዘግቶት፣ ሳይጮህ፣ ሳይፈራገጥ ይሞታል። ከጎኑ ያለው እንኳ አይሰማም። በዚያ ላይ እንክብል ካለበት...» ወደ ልጁ ዞርኩ። «እንክብል አለበት?»

ልጁ ዓይኑን ጨፈነ።

የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ። «እሺ» አሉ። «ማንም አይባረርም። የት ነው ልጄ?»

«አምናም እንደዚሁ ብለው ነበር ጋሼ» አለ ጠበቃው። ድምፁ እንደ ክር ቀጥኗል። «ለመንትዮቹ። ‹ንገሩኝ፣ ማንም አይነካችሁም› ብለው አናዘዟቸውና በማግስቱ ሻንጣቸውን አስያዟቸው። እኔ የምመረቀው ዘንድሮ ነው።»

አንዴ የተበላ ቃል ለሁለተኛ ጊዜ አይሸጥም፤ ይህን ከእኔ በላይ እሳቸው የተረዱት መሰለኝ። ሽማግሌው ወዲያው ዞረው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። በእሳቸው ዕድሜ ያልጠበቅኩት ሩጫ ነበር። እኔም ተከተልኳቸው።

የላይኛው ኮሪደር ረጅም ነው። በግራም በር፣ በቀኝም በር፣ በየበሩ ጓጉንቸር።

ጋሽ ቁልፉ የመጀመሪያውን በር በመዳፋቸው ደበደቡት። «ልጄ! ማነህ? አለህ?» ጆሯቸውን ለጠፉበት። ምንም። ወደሚቀጥለው ሄዱ። እኔ በወዲያኛው ወገን ካሉት በሮች ላይ ጆሮዬን እያስጠጋሁ አለፍኩ። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ስለሚደበድበው የራሴን ትንፋሽ እንኳ አልሰማም። ሽማግሌው የቁልፍ ዘለላቸውን አውጥተው አንዱን ጓጉንቸር ይሞክራሉ፤ አይገባም። ሌላ ቁልፍ ይሞክራሉ፤ አይዞርም። ጓጉንቸሩ የየተማሪው ነው። የቁልፍ ስም የወጣላቸው ሰው በዚያ ኮሪደር ላይ አንድ በር የሚከፍቱበት ቁልፍ አልነበራቸውም።

ካንዱ በር ኋላ አንድ ሰው ትንፋሹ እያለቀ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አናውቅም። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ጊዜ የለም።

«አንተ ልጅ! በእናትህ ድምፅ አሰማ!» አሉ ጋሽ ቁልፉ። ከዚያ አንዱን በር በትከሻቸው መግፋት ጀመሩ።

ጠበቃው የደረሰው ይህን ጊዜ ነው። ደረጃው አፍ ላይ ቆሞ ሲገፉ አያቸውና እየሮጠ አለፈን። «እሱ አይደለም! መጨረሻው ነው፣ መጨረሻው!» ቁልፉን ከኪሱ ሲያወጣ ቀማሁትና ከፈትኩ።

መስኮቱ ተዘግቷል። ክፍሉ የሲጋራ ጭስና የትውከት ሽታ አፍኖታል። አልጋው ላይ አንድ ልጅ በጀርባው ተንጋሏል፤ ብርድ ልብስ እስከ አፍንጫው ድረስ አልብሰውታል። ጫማውን አውልቀው አልጋው ሥር ጎን ለጎን አስተካክለው አስቀምጠውለታል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ «ዝምተኛው» የሚሉት።

ብርድ ልብሱን ገፈፍኩ። ከንፈሩ ጠቁሯል። በጎኑ አዙሬ አፉ ውስጥ ያለውን አፈሰስኩ፤ የቀረውን በጣቴ ጠረግሁ። ጆሮዬን አፍንጫው ላይ ደቅኜ ጠበቅሁ።

«አለ?» አሉ ጋሽ ቁልፉ።

አገጩን ቀና አድርጌ እንደገና አዳመጥኩ።

«አለ ወይ ልጄ? ንገሪኝ!»

ደረቱ አንዴ ተነፋ። ቆመ። በጣም ቆይቶ እንደገና ተነፋ።

«አለ። ይሩጡ፣ አምቡላንስ!»

ሮጡ። ቁልፎቻቸው ሲንቃጨሉ እስከ ታች ድረስ ይሰማኝ ነበር። ጠበቃው ሎሚ ሰንጥቆ ወደ ልጁ አፍ ሲያስጠጋ እጁን መታሁት። «ራሱን ለማያውቅ ሰው አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም! መስኮቱን ክፈት!»

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሦስታችን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የጋሽ ቁልፉ ሸሚዝ ከገላቸው ጋር ተጣብቋል። መጀመሪያ የተናገረው ጠበቃው ነው።

«‹ማስተኛት› ነው የምንለው። አንድ ሰው ሲወድቅብን ጫማውን አውልቀን፣ አልብሰን፣ ከውጭ እንቆልፍበታለን። ጋሼ ጓጉንቸር ካዩ አያንኳኩም። በማግስቱ ይነሳል። ሁልጊዜ ይነሱ ነበር። ለጓደኛ የሚደረግ ነገር ነው ብለን ነው።»

«ብርጭቆውን የሞላለትስ ማነው?» አልኩት።

«እኛ።»

«እንክብል እንደዋጠ እያወቃችሁ?»

«እንቅልፍ እምቢ አለኝ ሲለን፣ ‹ጠጣበት፣ ድብን ብለህ ትተኛለህ› አልነው።»

«እንዲህ ያለውን ጓደኛ ለጠላቴ ይስጠው! ሕግ ትማራለህ አይደል? ሰውን ቆልፎበት መሄድ ምን ይባላል?»

አንገቱን ደፋ። አላዘንኩለትም። ሊማር የሚገባውን ግን እዚያው ነገርኩት። ራሱን የሳተ ሰው በጎኑ ይተኛል እንጂ በጀርባው አይንጋለልም፤ ብቻውን አይተውም፤ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋበትም፤ ሎሚም ቡናም አይጋትም። ጠርተኸው ካልነቃ ወይም ትንፋሹ ከተራራቀ ተሸክመህ ትሮጣለህ፤ የዋጠውን ሁሉ ሳትደብቅ ለሐኪሙ ትናገራለህ።

«ዛሬ ጠዋት በዚያ በር አልፌያለሁ» አሉ ጋሽ ቁልፉ በድንገት። ግድግዳውን ነበር የሚያዩት። «ጓጉንቸሩን አየሁና ‹ጎሽ፣ ይሄ ደግሞ ቤቱ ገባ› ብዬ አለፍኩ።»

«እንግዲህ ቅጣት ይቅር ነው የምትይው?» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «እሱን አልቀበልም። ልጅ ካልፈራ ይበላሻል።»

«ቅጣት ይቅር ማን አለ? ለተማሪ እንክብል የሚቸረችረውን ይያዙልኝ። ጠርሙስ የሚያስገባውን፣ አልጠጣም ያለውን በሳቅ የሚያስገድደውን ይቅጡልኝ። የታመመ ተሸክሞ የመጣን ሰው ግን አይጠይቁት። የታመመውም ሲድን ከክሊኒካችን አማካሪ ጋር ይቀመጥ፤ ለምን መተኛት እንዳቃተው የሚጠይቀው ሰው ይኑር። ጋሼ፣ ፍርሃቱ ልክ ነው፤ የተተከለበት ቦታ ነው የተሳሳተው። ልጆቹ መጠጡን መፍራት ሲገባቸው እርስዎን ፈሩ።»

«እኔን» አሉ ቀስ ብለው። «ሞትን ሳይፈሩ እኔን ፈሩ።»

«አዎ» አለ ጠበቃው። «አሁንም እፈራለሁ ጋሼ። በሩን ሳሳያችሁ እንደምባረር አውቄ ነው ያሳየኋችሁ።»

ሽማግሌው መልስ ከመስጠታቸው በፊት በሩ ተከፈተና ሐኪሙ ወጣ። ተርፏል አለን። ትውከቱ ሳንባው ውስጥ ስለገባ ግን ገና ብዙ ቀን ይተኛል።

ጋሽ ቁልፉ ተነስተው የጠበቃውን ትከሻ ያዙ። «አንተ አትባረርም» አሉት። «አምና እንዳልኩት አይደለም። ዲኑ ዘንድ አብሬህ እገባለሁ፤ ከሁለታችን አንዱን ማባረር ግድ ከሆነም እኔን ያባርሩ።»

ደግሞም ገቡ። የተማሪዎች ዲን ፊት ቆመው የራሳቸውን ሕግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሰሱት። ጠበቃው ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት፣ የእረፍቱን ጊዜ ክሊኒካችን ውስጥ ሲላላክ አሳልፎ ተመረቀ። ዝምተኛው አንድ መንፈቅ ተቃጠለበት፤ ሲመለስ ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ይቆም ነበር። ጋሽ ቁልፉ ለመንትዮቹም አቤት ብለው እንዲመለሱ አስፈቀዱላቸው። አንዱ ተመልሷል። ሌላው የት እንደገባ ወንድሙም አያውቅም።

አዲሱ ዓመት ሲከፈት ሽማግሌው የሕንፃውን ተማሪዎች ደረጃው ሥር ሰብስበው ሲናገሩ እኔም ነበርኩ። «ሰው ውስጥ እያለ በር ከውጭ አይቆለፍም» አሉ። «የወደቀ ካለ ቀንም ሆነ ሌት ጥሩኝ። መጀመሪያ ተሸክመነው እንሮጣለን፤ ስሙን በኋላ እንጠይቃለን። መጠጣት ተፈቅዷል ያለ ግን እኔን አያውቀኝም።» በዚያች ባዶ ምስማር ላይ የመጨረሻውን ክፍል ጓጉንቸር ሰቅለውባታል። ለምን እንደሆነ የሚጠይቃቸውን አዲስ ተማሪ ሁሉ አስቀምጠው ያወሩታል።

አሁን ከዚያ ሕንፃ ወደ ክሊኒኩ ይመጣሉ። ተሸክመው ያመጣሉ፤ ምን እንደዋጠ ሳይደብቁ ይናገራሉ፤ እኛም በጊዜ እንደርሳለን። አንዳንዶቹ ከመውደቃቸው በፊት በገዛ እግራቸው መጥተው «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላሉ፤ ይህን ጊዜ እንክብል ሳይሆን ምክር ይበቃቸዋል። ሲጋራ ለመተው አብረው የሚመጡ የአንድ ክፍል ልጆችም አሉ፤ አንዱ ሲሸነፍ ሌሎቹ ያፌዙበታል፣ በበነጋው ይዘውት ይመጣሉ። እንክብል የሚቸረችረው ሰውዬም የተያዘው ተማሪዎቹ ራሳቸው ጠቁመው ነው። ሲፈሩ ማንም አይጠቁምም ነበር።

ጋሽ ቁልፉ በዚህ ሁሉ ስማቸው ጠፍቷል። ዘንድሮ ብዙ በሽተኛ የተመዘገበው በእሳቸው ሕንፃ ስለሆነ የምስክር ወረቀቱ ቀረባቸው። «ሥራ አልፈታንም» ይላሉ ሲያገኙኝ፣ ከዚያ ስለ ዝምተኛው ሳል ይጠይቁኛል።

የምስክር ወረቀቱን የወሰደው ከቤተ መጻሕፍቱ ኋላ ያለው ሕንፃ ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰካራም አልተያዘበትም፤ ከዚያ ወደ እኛ የመጣ በሽተኛም የለም። ትናንት በዚያ በኩል ሳልፍ ወደ ውስጥ አየሁ። ኮሪደሩ ተጠርጎ ያብለጨልጫል፤ በሮቹ ሁሉ ከውጭ ተቆልፈዋል። ተቆጣጣሪው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ።

ዝናብ አልነበረም። ግን ገባሁ።